«ሁሌ የመጨረሻዬ ነው እላለሁ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ አዲስ አበባ ብቻዬን ተከራይቼ እኖራለሁ። ማታ የወሲብ ፊልም ሳላይ አልተኛም። መቆለፊያ አፕ ብጭንም የይለፍ ቃሉን ስለማውቀው ራሴው እከፍተዋለሁ። በጾም እተወዋለሁ፤ ፋሲካ ሲያልፍ ብሶብኝ ቁጭ። ትንሽ ካየሁ «አንዴ ተበላሽቷል» ብዬ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ። ሥራ ላይ አንቀላፋለሁ። እጮኛዬ አታውቅም። ሐኪም ፊት ማውራት አፍራለሁ። በራሴ መላቀቅ እችላለሁ?
ደ. ነኝ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሞከሩ ያዋጣል። ጸጸት ብቻውን በሽታ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ ይህንኑ ይላል። ያንተ ግን እንቅልፍህንና ሥራህን ነክቷል።

እስካሁን የሞከርከው ሁሉ ክልከላ ነው። ጾሙንም ለዚህ ማዋልህን አልወደድኩትም፤ ፋሲካን እያስቆጠረ ነው የሚያኖርህ። በአሜሪካ የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 28 ወንዶችን ይዘው ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ፍላጎቱ ሲመጣ አትታገለው፣ አትታዘዘውም ነው ነገሩ። በ12 የምክር ክፍለ ጊዜ የሚያዩበት ሰዓት በ92 በመቶ ቀነሰ። ያ በባለሙያ እገዛ ነው፤ ብቻህን ያን ያህል አትጠብቅ።

መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ዝም ብለህ መዝግብ፤ ስልክህ ላይ ሳይሆን ደብተር ላይ። ስንት ሰዓት ነበር? ከዚያ በፊት ምን ተሰማህ? ብቸኝነት፣ ድብርት ወይም የአለቃህ ቁጣ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ከታወቀ ለዚያች ሰዓት ሌላ ነገር ታዘጋጃለህ። የይለፍ ቃሉን ጓደኛህ ይቀይረው፤ ለምን እንደሆነ መናገር አይጠበቅብህም። ስልኩን ከአልጋህ አርቀህ ቻርጅ አድርግ።

ፍላጎቱ ሲመጣ ሰውነትህ ውስጥ የት እንደሚሰማህ ልብ በል፣ ቆይ። ይጨምራል፣ ከዚያ ራሱ ይበርዳል። መጀመሪያ ሰሞን ያስጨንቃል፣ አልዋሽህም።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳህ ግን «አንዴ ተበላሽቷል» የምትላት ናት። አሥር ደቂቃ ካየህ፣ ያየኸው አሥር ደቂቃ ነው። ዘግተህ ተኛ። ሌሊቱን የሚበላብህ ፊልሙ ሳይሆን ይህች ሐሳብ ናት።

ከሁለት ወር በኋላም ለውጥ ካላየህ ወደ ባለሙያ ሂድ። መኖር ካስጠላህ ግን ዛሬውኑ። በትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ተመላላሽ ክፍል አለ፤ እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ከዚህ የባሰ ሰምተዋል።

እጮኛህስ? ከሠርጉ በፊት ብትነግራት እመርጣለሁ። ካየህበት ሌሊት ማግስት ግን አይሁን፤ ያኔ የምታወራው ጸጸትህ ነው።