መጀመሪያ ጽሑፉ ይግባ

እህቴ፣ «የማስተርስ ክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ በቀን ከ200 በላይ መልእክት ይገባበታል፤ እኔ ያለሁበት ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው፣ ዳታውም ቶሎ ያልቃል፤ እንዴት ነው የምትከታተሉት?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። መንዝ፣ መሀል ሜዳ እያስተማርኩ በርቀት ስማር ሁለት ዓመት ሙሉ የታገልኩት ከዚሁ ጋር ነው።

ዳታሽን የሚበላው ጽሑፉ አይደለም። አንድ የአማርኛ ፊደል የሚይዘው 3 ባይት ነው። 1000 ፊደል ያለው ረጅም መልእክት ቢበዛ 3 ኪሎባይት ገደማ ቢሆን ነው። አንድ ሜጋባይት የሚሆን ፎቶ ስትከፍቺ እንደዚህ ያለ ከ300 በላይ መልእክት የሚያስነብብ ዳታ ሄደ ማለት ነው። ይህ እስኪገባኝ ድረስ ፓኬጅ በላይ በላዩ እገዛ ነበር።

ቴሌግራሙ ሴቲንግስ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚል አለ። እዚያ ግቢና በሞባይል ዳታ ስትጠቀሚ ፎቶም፣ ቪዲዮም፣ ፋይልም በራሱ እንዳይወርድ አጥፊው። ከዚያ በኋላ ፎቶው ደብዝዞ ይታይሻል፤ የሚወርደው ስትነኪው ብቻ ነው። ቮይስ ግን በዚህ አይቆምም። መጠኑ ትንሽ ነው ተብሎ ሁልጊዜ በራሱ ይወርዳል። ቮይስ የሚበዛበት ግሩፕ ከሆነ መፍትሔው ሰዎቹን ማነጋገር ነው።

እኔም የክፍል ጓደኞቼን ለምኛለሁ። ማስታወቂያ ሲወጣ ፎቶ አንስተው ይለቁት ነበር። አንዴ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲሽከረከር ሲሽከረከር ሳይከፈትልኝ ሦስት ቀን ቆየ። የአሳይንመንት ማስረከቢያ ቀን የተጻፈው እሱ ላይ ነበር፤ አለፈኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። «እባካችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ከሥሩ ጻፉልን» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ተወካያችን ዋና ዋናውን በጽሑፍ አድርጎ ፒን እያደረገ ከግሩፑ አናት ላይ ያስቀምጠው ነበር። አንቺም ተናገሪ፣ አትፈሪ። ፈጣን ኔትወርክ ያለው ሰው ችግርሽን ስለማያውቅ እንጂ ከፍቶብሽ አይደለም።

ሰዓትም ምረጪ። እኔ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ግሩፑን ከፍቼ ካቆምኩበት ጀምሬ ዝም ብዬ እስከ መጨረሻው እወርዳለሁ። አላነብም። አንዴ የገባ ጽሑፍ ስልኩ ላይ ይቀራል። ከዚያ ዳታውን አጥፍቼ በእረፍት ሰዓት ረጋ ብዬ አነበዋለሁ። መልሴንም እዚያው እጽፋለሁ፤ ኔትወርክ ሲመጣ በራሱ ይሄዳል።

ስልክሽ 4ጂና 3ጂ መሃል እየዋለለ የሚቆራረጥ ከሆነ 3ጂ ላይ ብቻ አድርገሽ ሞክሪው። እኔ ጋ በጣም ረድቶኛል።

ሌላው የጠቀመኝ ላፕቶፕ ነው። ደብረ ብርሃን ስሄድ ኮምፒውተር ላይ ባለው ቴሌግራም «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» የሚለውን ከፍቼ፣ ከፎቶውና ከቪዲዮው ላይ ምልክቱን አንስቼ ጽሑፉን ብቻ አወርዳለሁ። የሴሚስተሩ ጥያቄና መልስ በሙሉ እጄ ላይ ነው። ለፈተና ያጠናሁት ከእሱ ነው። ይሄኛው ካስቸገረሽ እዚሁ ጠይቂኝ፣ ደረጃ በደረጃ እጽፍልሻለሁ።