ስንቅና ትጥቅ በጦር ሜዳ፦ ከጅማ ሰፈሮች ጠያቂዎች ጋር

ስንቅ በውጊያ ጊዜ እንዴት እንደሚጠየቅና እንዴት እንደሚታደል የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አሁን ስላሉ ግጭቶች አልመልስም። ቁጥር፣ ቀንና ቦታ የሌለው ጥያቄ ደግሞ እኔ ዘንድም፣ ጦሩ ዘንድም መልስ የለውም።

ከሄርማታ፦ ጋሼ፣ አንድ ሻምበል ስንቅ ሲያልቅበት ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ካለቀበት በኋላ ከጠየቀ ረፍዶበታል። ጥያቄ የሚላከው በየቀኑ፣ በተቆረጠ ሰዓት ነው። አራት ቁጥር ይበቃል፦ ዛሬ በሕይወት ያለው ሰው፣ እጅ ላይ ያለው ዕቃ፣ ዛሬ የተበላውና የተተኮሰው፣ ከነገ ወዲያ የሚያስፈልገው። ሻምበል ለሻለቃ፣ ሻለቃ ለብርጌድ፣ ብርጌድ ለክፍለ ጦር እየደመረ ያወጣዋል፤ ዕቃውም በዚያው መሰላል ይወርዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ በሞዴል 20 ቅጽ ትጠይቃለህ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፣ ተቀባዩ በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል።

ትልቁ ጥፋት «ለክፉ ቀን» እያሉ መጨመር ነው። ሻምበሉ 100 ሣጥን ጥይት ፈልጎ 110 ይጽፋል። ሻለቃው አሥር በመቶ ጨምሮ 121፣ ብርጌዱ 133፣ ክፍለ ጦሩ 146 ያደርገዋል። እያንዳንዱ ትንሽ ነው የጨመረው፤ 46ቱ ትርፍ ሣጥን ግን ሌላው ሻምበል እህል የሚደርስበትን መኪና ይዞበታል። የሰው ቁጥር መጀመሪያ ይጻፍ የምለው ለዚህ ነው፤ የበላይ ያለው ሰው ጥያቄውን የሚመዝንበት ሌላ ሚዛን የለውም።

ከቆጪ፦ ሁሉም ዕቃ ተጠይቆ ነው የሚላከው?

መልስ፦ አይደለም። ምግብ በሰው ቁጥር ተሰልቶ ሳይጠየቅ ይላካል። ጥይት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በግምት፣ ከዚያ በኋላ በተተኮሰው ልክ ይተካል። መለዋወጫ በጥያቄ ብቻ። የመኪናው ዓይነትና የዕቃው መለያ ቁጥር ሳይጻፍ «የመኪና ዕቃ ላኩልን» ያለ ሰው ጎማ ፈልጎ ራዲያተር ይደርሰዋል።

ከመንደራ፦ ለአንድ ሻለቃ ስንት መኪና ይበቃል?

መልስ፦ ስንት ሰው? ለስንት ቀን?

ከመንደራ፦ 600 ሰው፣ ለ3 ቀን እንበል።

መልስ፦ አሁን ይሰላል። ደረቅ ምግብ በቀን በሰው 1 ኪሎ ብትይዝ 18 ኩንታል ነው፤ አንድ አይሱዙ ይችለዋል። ጉዱ ውሃው ላይ ነው። ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ በቀን በሰው 10 ሊትር ብትይዝ 18,000 ሊትር፣ ማለት 18 ቶን ይሆናል። ለእህሉ አንድ መኪና የበቃህ ሰውዬ ለውሃው ትልቅ ቦቴ ትለምናለህ። ስለዚህ የጦር ሰፈር ከውሃ አጠገብ ይፈለጋል እንጂ ውሃ ከሩቅ አይጎተትም።

ከጅሬን፦ የዓድዋ ዘማች ግን ሞዴል 20 አልሞላም፤ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የዘመተው።

ከሄርማታ፦ ከቤት የያዙት ስንት ቀን ይዘልቃል? በየመንገዱ ከገበሬው እየበላ ነው የሄደው።

ከጅሬን፦ በቅሎውና አጋሰሱ ምን ጭኖ ሄደ ታዲያ?

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት ይዛችኋል። ዘማቹ በሶ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ይዞ ወጥቷል። በሶ እሳት ስለማይፈልግ ጭሱ ሰፈርህን አያሳብቅም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የገበሬውም እህል ተበልቷል። ነገር ግን ወደ 100,000 የሚጠጋ ጦር አንድ ቦታ ሲሰነብት አገሩ ይራቆታል። በየካቲት 1888 የምኒልክ ጦር ስንቅ እየተሟጠጠ ነበር፤ ለኢጣሊያኑ ጦር አዛዥ ለባራቲየሪም የቀረው የጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በጥር የመቀሌ ምሽግ የተለቀቀውም እቴጌ ጣይቱ ምንጩን ስላስያዙበት ነው። ውሃ ያልኳችሁን አስታውሱ።

በቅሎንም ቁጠሯት። 70 ኪሎ ጭና በቀን 2 ኪሎ እህል ከበላች፣ 17 ቀን ሄዳ 17 ቀን ስትመለስ 68 ኪሎውን ራሷ ትጨርሰዋለች። የሚያድናት ሣር ብቻ ነው።

ከአጂፕ፦ ቡና እንደ ስንቅ ይቆጠራል?

መልስ፦ ይቆጠራል፤ ሲታደል ግን በምን እንደሚፈላ አብሮ ካልታሰበ ባዶ ሸክም ነው። በክሪሚያ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1854 እስከ 1855 በነበረው ብርድ፣ ለእንግሊዝ ወታደር ጥሬ ቡና ታደለው። ምጣድ የለ፣ ሙቀጫ የለ፣ ማገዶ የለ። ጥሬ ቡና ብቻውን ምን እንደሚሆን ለጅማ ሰው አይነገርም። በመዝገብ ግን «ቡና ታድሏል» ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር ደንብ ይሻላል፤ ለ100 ሰው የቀን ድርሻ 4.5 ኪሎ ጥሬ ወይም 3.6 ኪሎ የተቆላ ይላል። ሲቆላ የሚጎድለው ቀድሞ ታስቧል።

የክሪሚያው ጥፋት በቡና አላበቃም። ዕቃው ባላክላቫ ወደብ ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ፣ ጦሩ 10 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ከተከበበችው ከሴቫስቶፖል ከተማ ፊት ለፊት ይራብ ነበር። ከሄርማታ ጅሬን ደርሶ ከመመለስ አይበልጥም። መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ የጭነት ከብቱ አለቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 ሐዲድ እስኪዘረጋ ድረስም ወደብ የገባው ሁሉ «ደርሷል» ይባል ነበር። ወታደሩ እጅ ያልገባ ዕቃ አልደረሰም! ይህን ደጋግሜ እለዋለሁ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ስንቅ ሲያልቅ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ለሄርማታው ጠያቂ መልሻለሁ። ወደ ላይ ተመለስና አንብብ።

ከቆጪ፦ ዛሬ ኮምፒውተር አለ፤ ይህ ችግር አልቀረም?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991 አሜሪካ ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጦርነት 40,000 ያህል ኮንቴይነር ልካ፣ ምን እንደያዘ ባለመታወቁ ከግማሽ የሚበልጠው እየተከፈተ መታየት ነበረበት። ሣጥኑ ላይ በሦስት ጎን ጻፉ፦ ምን፣ ስንት፣ ለማን። ሲጫንም መጀመሪያ የሚወርደው መጨረሻ ይጫን። ካልሆነ አንድ ሣጥን ለማውጣት ሙሉ መኪና በጨለማ ታራግፋላችሁ።

ከመንደራ፦ ጥይትስ ለአንድ ሰው ስንት ይታደላል?

መልስ፦ ለየትኛው መሣሪያ? ለማጥቃት ነው ለመከላከል? ለስንት ቀን? ጽፈህ ተመለስ።