ጥያቄና መልስ፦ በማሳደጊያ የሚኖሩ ልጆችን ቤተሰቦች እንዴት እናያቸዋለን?

በአዲስ አበባ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ለረጅም ዓመታት በማኅበራዊ ሠራተኝነት ያገለገሉ አባላችን ለቀረቡላቸው ጥያቄዎች የሰጡት መልስ ከዚህ በታች ቀርቧል።

ጥያቄ፦ ወላጆች ልጆቻቸውን ለምን ወደ ማሳደጊያ ያስገባሉ?

መልስ፦ ሞት፣ ሕመም፣ ስደት፣ የትዳር መፍረስ፣ ድህነት። ጥያቄው እጅግ ሰፊ ስለሆነ የአንድ ልጅ ጉዳይ ይዘው ይጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ በምሠራበት ማሳደጊያ አንዲት እናት በመጠየቂያ ቀን ስለማትገኝ በልጇ መዝገብ ላይ «ደንታ ቢስ ናት» ተብሎ ተጽፏል። ተገቢ ነው?

መልስ፦ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። ጸሐፊው በአንድ ቃል ፈርዶ ያልፋል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ባለሙያዎች ግን ቃሉን እንደ ማስረጃ እየተቀባበሉ ልጁ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጉበታል። ልብስ እያጠበች የምታድር እናት በሥራ ቀን ልጠይቅ ብትል የዕለት ገቢዋን ታጣለች፤ የታክሲውም ከቤት ኪራይዋ ላይ ይነሣል። እንደምንም ብትመጣ ጥበቃው መታወቂያ አምጪ ይላታል፤ በፌስታል የያዘችው ሙዝ «የውጭ ምግብ አይገባም» ተብሎ በር ላይ ይቀራል፤ ልጇንም ሠራተኞች እያዩዋት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታነጋግራለች። በሚቀጥለው ጊዜ ብትቀር ምን ይደንቃል? ያያችሁትን እንጂ የፈረዳችሁትን አትጻፉ። «በመጠየቂያ ቀን አልመጣችም፤ ስንደውልላት የቀን ሥራ ላይ እንደሆነችና እሑድ እንደሚመቻት ነገረችን» ተብሎ ቢጻፍ፣ መዝገቡን የሚያነበው ሰው እሑድ ለምን እንደማንከፍት መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሕጉስ ምን ይላል?

መልስ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት ወላጆቻቸውን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ (ከወላጆቻቸው ጋር መኖር ላልቻሉ ልጆች የሚሰጥ እንክብካቤ) መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ ይገልጻል።

አንድ አባል፦ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻ ባይከለከል ኖሮ እነዚህ ልጆች የተሻለ ኑሮ ያገኙ ነበር።

ሌላ አባል፦ ወላጅ ያለውን ልጅ ወላጅ አልባ ብሎ መላክ የተሻለ ኑሮ ነውን?

የመጀመሪያው አባል፦ ሁሉም እንዲህ አልነበሩም።

መልስ፦ ሁሉም አልነበሩም፤ የነበሩት ግን ከበቂ በላይ ናቸው። ስለ ጉዲፈቻ በሌላ ቀን እንከራከር፤ እባካችሁ ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ እናትየው ደንታ ቢስ ካልተባለች ታዲያ ምን ትባል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ምንም አትባል፤ ያደረገችው ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ልጁን የሚደበድብ አባትም በዚሁ ዓይን ይታያል?

መልስ፦ የልጁ ደኅንነት ይቀድማል፤ በዚህ ክርክር የለም። እዚያም ቢሆን ያያችሁትን ጻፉ፦ ጉዳቱን፣ ቀኑን፣ ልጁ የተናገረውን። በፍርድ ቤት የሚያገለግለው ይህ ነው፤ «ጨካኝ አባት» የሚለው ቃል ለዳኛው ምንም አይነግረውም።

ጥያቄ፦ ተንከባካቢ እናት ነኝ። ልጁ ማታ ማታ «እማዬ ለምን አትመጣም?» ይለኛል።

መልስ፦ «ነገ ትመጣለች» ብለው አያታልሉት፤ እርሷንም በፊቱ አይንቀፉ። ሥራ ላይ ከሆነች ሥራ ላይ መሆኗን ይንገሩት፤ ከዚያም ነገ ለማኅበራዊ ሠራተኛው አመልክተው በስልክ ያገናኟቸው።