ለመድን ካሳ የሚቀርብ የፖሊስ ማስረጃ በጎንደር፦ ለጠያቂዋ እኅታችን የተሰጠ መልስ

የተከበሩ እኅቴ፣ በአክስትዎ ላይ በደረሰው ነገር አዝኛለሁ፤ በአካላቸው ላይ ጉዳት አለመድረሱ ግን ተመስገን የሚያሰኝ ነው።

ጥያቄዎን እንደተረዳሁት ከካናዳ ለጥምቀት የመጡት አክስትዎ ትናንት በከተራ ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ታቦታቱን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲሸኙ፣ በሰው ግፊያ መካከል የትከሻ ቦርሳቸው በስለት ተቀዶ ካሜራቸውና ስልካቸው ተወስዷል። የጉዞ መድን ስላላቸው ለኩባንያው ቢያሳውቁም የፖሊስ ማስረጃ ካልቀረበ የካሳ ጥያቄውን እንደማይቀበል ነግሯቸዋል። እርስዎም በበዓል ቀን ጣቢያ ክፍት መሆኑን፣ ምን መናገርና ምን ይዞ መውጣት እንደሚገባ ጠይቀዋል። እኔ በከተማችን በእንግዳ ማረፊያ ቤት የምሠራ በመሆኔ፣ ንብረታቸው የተሰረቀባቸውን እንግዶች ይዤ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ፣ በኋላም ከኩባንያዎቻቸው ጋር የሚጻጻፉትን ማገዝ የሥራዬ አካል ሆኖ ቆይቷል። ያየሁትን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

መልሴ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ይህን አንቀጽ እንዳነበቡ ተነሥተው ይሂዱ። አብዛኞቹ የጉዞ መድን ውሎች ስርቆቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንዲነገር ስለሚያዝዙ የአክስትዎ ጊዜ ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያበቃል ማለት ነው። ጥምቀት የሥራ ዝግ ቀን ቢሆንም ፖሊስ ጣቢያ ተረኛ የማይታጣበት ቤት ስለሆነ አቤቱታው ዛሬ ይመዘገባል፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ግን ዛሬ ላይገኝ ይችላል፤ ነገም ከተማው በቃና ዘገሊላ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች ለይተው ይያዙ፤ የዛሬው ሥራ ቃል ሰጥቶ ማስመዝገብ ነው፣ ደብዳቤው በሥራ ቀን ይከተላል። የሚሄዱትም ስርቆቱ የተፈጸመበትን አካባቢ ወደሚጠብቀው ጣቢያ እንጂ ወደ ማረፊያችሁ ቅርብ ወደሆነው አይደለም፤ ቦታውን የትኛው ጣቢያ እንደሚጠብቅ በበዓሉ ላይ የተሰማሩትን ፖሊሶች ቢጠይቁ ያሳዩዎታል። ጊዜው ካለፈም ከመሄድ አይቅሩ፤ የዘገዩበትን ምክንያት በሐቅ ያስጽፉ።

ከብዙ እንግዶች ጋር ሄጄ የተረዳሁት ዋናው ነገር የካሳው ጉዳይ በአብዛኛው የሚወሰነው አክስትዎ መጀመሪያ በሰጡት ቃል መሆኑን ነው። መርማሪው የሚጽፈው ወንጀሉን ለማጣራት የሚረዳውን ነው፤ የመድን ኩባንያው ሠራተኛ ግን ያንኑ ወረቀት ከካሳ መጠየቂያው ቅጽ፣ ከግዢ ደረሰኙና ከጉዞ ትኬቱ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ የሚጋጭ ነገር ይፈልግበታል። የተደናገጠ ሰው በር ላይ ቆሞ «ካሜራዬን አጣሁት» ብሎ ቢጀምር መዝገቡም እንደዚያው በአጭሩ ይጻፋል፤ ከሳምንት በኋላ «የለም፣ ቦርሳዬ ተቀዶ ነው» ማለት ግን ቃል እንደመለወጥ ይቆጠራል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ነገሩን በቅደም ተከተል በወረቀት ያስፍሩ፤ አክስትዎ የት ቆመው እንደነበር፣ ቦርሳው በየትኛው ትከሻ እንደነበርና ዚፑ መዘጋቱን፣ መቀደዱን መቼ እንዳዩ፣ አብሯቸው ማን እንደነበር ይጻፉ። ብዙ ውሎች ያለጠባቂ ለተተወ ዕቃ ካሳ ስለማይከፍሉ ቦርሳው በትከሻቸው ላይ እንደነበር መመዝገቡ ትልቅ ዋጋ አለው። የተቀደደውን ቦርሳ ይዘው ይሂዱ፣ ለመርማሪው ያሳዩት፣ ፎቶግራፍ ያንሡት፤ አይስፉት፣ አይጣሉትም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቃል የቀረበ አቤቱታ በጽሑፍ ሰፍሮ ለአቅራቢው እንዲነበብለትና እንዲፈርምበት ደንግጓል፤ እንግዲህ ሳይነበብላቸው አይፈርሙ፤ የተሳሳተ ነገር ካለም በትሕትና «ይህቺን ቢያስተካክሉልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ከሁሉ ይልቅ አደራ የምለው ሰዓቱንና ቀኑን ነው። ላፕቶፗ ስለተሰረቀባት አንዲት ጀርመናዊት እንግዳችን ልንገርዎ። መርማሪው ስርቆቱ ከቀኑ 9፡30 ላይ እንደተፈጸመ በእጁ ጻፈ፤ ለእኛ ይህ የታወቀ ሰዓት ነው። ተርጓሚው «ከቀኑ» የሚለውን ትቶ 9፡30 ብሎ በእንግሊዝኛ አሰፈረው። እንግዳዋ ደግሞ በቅጿ ላይ በአገሯ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 3፡30 ብላ ሞልታ ነበር፤ አብሮ የተላከው የአውቶቡስ ትኬቷም በትርጉሙ ሰዓት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር መንገድ ላይ እንደነበረች ያሳያል። ኩባንያው ገና ያልደረሰችበት ከተማ ውስጥ እንዴት እንደተሰረቀች ጠየቃት፤ ጣቢያው ሰዓቱን የሚያብራራ ሌላ ደብዳቤ እስኪጽፍላት ድረስም ጉዳዩ ተንጠልጥሎ ቆየ። ስለዚህ በመዝገቡም በደብዳቤውም ላይ «ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በአውሮፓውያን ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት» ተብሎ ሁለቱም እንዲጻፍ ይጠይቁ። ቀኑም እንዲሁ ነው። ከተራ ሁልጊዜ ጥር 10 ቢሆንም በአውሮፓውያን አንድ ቀን ወዲህና ወዲያ ይላል፤ በ2016 ዓ.ም. ከዚያ በፊት የነበረችው ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት ከተራ በጃንዋሪ 19 ቀን 2024 ዋለ፣ በ2017 ዓ.ም. ግን በጃንዋሪ 18 ቀን 2025። በግምት ተቀይሮ የተጻፈ ቀን ስርቆቱ ከመፈጸሙ በፊት ለፖሊስ የተነገረ አስመስሎ ሊያሳየው ይችላል።

ስማቸው በካናዳ ፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይመዝገብ፤ እዚህ የምናውቃቸው በአባትና በአያት ስማቸው፣ ፓስፖርታቸው ላይ ያለው ደግሞ የባለቤታቸው ስም ከሆነ ሁለቱም ይጠቀስ። ዕቃዎቹም «አንድ ካሜራ፣ አንድ ስልክ» ተብለው ብቻ እንዳይታለፉ፤ ሥሪታቸው፣ ሞዴላቸው፣ ቀለማቸውና መለያ ቁጥራቸው ይጻፍ። የስልኩ ባለ 15 አሃዝ አይኤምኢአይ ቁጥር በማሸጊያ ካርቶኑና ብዙ ጊዜም በግዢ ደረሰኙ ላይ ስለሚገኝ ካናዳ ያለ ቤተሰብ ካርቶኑን ፎቶግራፍ አንሥቶ ዛሬውኑ ይላክላችሁ። የካሜራውን ቁጥር በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ አለ፤ ብዙ ካሜራዎች መለያ ቁጥራቸውን በሚያነሡት ፎቶግራፍ ውስጣዊ መረጃ ላይ ስለሚያሰፍሩት፣ ቀደም ሲል ወደ ኮምፒውተር የገለበጡት ፎቶ ካለ የፎቶውን ዝርዝር መረጃ ከፍቶ መፈለግ ነው። ቁጥሩ ዛሬ ባይገኝ አቤቱታው አይዘግይ፤ በኋላ በማመልከቻ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል።

በስልኩ ውስጥ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ካርድ ካለ በ994 ደውለው ያዘጉት፣ የካናዳውንም ኩባንያቸው ይዝጋው፤ የባንክ ካርድ ከነበረም እንደዚሁ። የደወሉበትን ሰዓት ይመዝግቡ፤ ወዲያው እርምጃ መውሰዳቸውን ስለሚያሳይ ለካሳውም ይጠቅማል።

ወደ ደብዳቤው ስመለስ፣ ጣቢያው የምርመራ መዝገቡን ገልብጦ ይስጠን ብለው አይድከሙ፤ ምርመራ ላይ ያለ መዝገብ በዋዛ አይወጣም፣ ኩባንያውም አይፈልገውም። የሚያስፈልግዎ አቤቱታው መቅረቡን የሚያረጋግጥ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የሚጻፍ ማስረጃ ነው። አክስትዎ በስማቸው አጭር ማመልከቻ ይጻፉ፣ ኩባንያው ማስረጃውን የጠየቀበትንም መልእክት አትመው ያያይዙ፤ ማስረጃው ለምን እንደተፈለገ ያየ ኃላፊ ለመፍቀድ አይቸገርም። ደብዳቤው እጅዎ ሲገባ ከጠረጴዛው ሳይርቁ ይመልከቱት፤ የወጪ ቁጥርና ቀን፣ የመዝገቡ ቁጥር፣ አቤቱታው የቀረበበት ቀንና ሰዓት፣ የዕቃዎቹ ዝርዝር፣ የፈራሚው ስምና ማዕረግ፣ ጎላ ያለ ማኅተም ሊኖሩት ይገባል። አክስትዎ ቀድመው መሄዳቸው የማይቀር ከሆነ ግን ቢያንስ የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ይያዙ፣ እርስዎ ደብዳቤውን የሚቀበሉበትን ውክልናም ሰጥተው ይሂዱ።

ለትርጉም ፈቃድ ያለውና ማኅተም የሚያሳርፍ ተርጓሚ ይምረጡ፤ ትርጉሙን ከመቀበልዎ በፊትም ከላይ ያልኩትን ሰዓት፣ ቀንና ስም ከአማርኛው ጋር አስተያይተው ያንብቡ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ካልተጠየቃችሁ ለዚያ አትውጡ፤ ከጠየቅናቸው ኩባንያዎች አብዛኞቹ ዋናውን ከትርጉሙ ጋር ማየት ይበቃቸው ነበር።

ስለ ዋጋው በግልጽ ልናገር። አንዳንድ ሰው «ኩባንያው መቼም ቀንሶ ነው የሚከፍለው» ብሎ በቦርሳው ያልነበረ ዕቃ ሲጨምር አይቻለሁ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። አቤቱታው ለፖሊስ የሚሰጥ ቃል በመሆኑ ሐሰት ማስመዝገብ ራሱ ወንጀል ነው፤ ለኩባንያውም አንድ ያልነበረ ዕቃ ከተገኘበት የነበሩትንም ላለመክፈል ምክንያት ይሆነዋል፤ በኋላ እውነት ይዞ የሚመጣውን እንግዳ መርማሪው በጥርጣሬ እንዲያየውም ያደርጋል። የአገራችን የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግም ቢሆን የንብረት መድን ጉዳት የሚካስበት እንጂ ትርፍ የሚገኝበት እንዳልሆነ ያስቀምጣል፤ ካሳው ንብረቱ በጠፋበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። የአምስት ዓመት ካሜራ በአዲስ ዋጋ እንደማይካስና ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ፣ ማለትም ባለ ንብረቱ ራሱ የሚሸፍነው ድርሻ፣ እንደሚነሣ አክስትዎ ከወዲሁ ቢያውቁ ይሻላል።

ይህን የሚያነቡና እዚሁ ባለ መድን ድርጅት ቤታቸውን ወይም ዕቃቸውን ያስገቡ ወገኖችም ሥርዓቱ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በውሉ ላይ የተጻፈውን የማስታወቂያ ጊዜ ይመልከቱ፣ ለድርጅቱም በጽሑፍ አሳውቀው በቅጂው ላይ ያስፈርሙ፤ በዚሁ የንግድ ሕግ ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ የሚታገድ ስለሆነ «ይታያል» እየተባለ ጊዜ እንዳይሄድባቸው ይጠንቀቁ።

የቀረችው ነገር ዕቃው ቢገኝስ የምትለዋ ናት። የበዓል ሰሞን ሌባ ሲያዝ ዕቃው ከብዙ ሰው ንብረት ጋር ተደባልቆ ጣቢያ የሚቀመጥበት ጊዜ ስላለ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለመርማሪው ይደውሉ፤ መለያ ቁጥሩ የተመዘገበለት ሰው ንብረቱን የሚለየው ያኔ ነው። ካሳው ከመከፈሉ በፊት ከተገኘ አክስትዎ ለኩባንያው ወዲያው ያሳውቁ፤ ከተከፈለ በኋላ ከሆነ ደግሞ ንብረቱ የኩባንያው ሊሆን ስለሚችል ሳይጠይቁት ከጣቢያው አይረከቡት።