ትልቅ ጎማ፣ ፈጣን ባቡር፦ ስለ ጀርመን የእንፋሎት ባቡሮች ለጠየቃችሁኝ

ስለ ጀርመን ፈጣን የመንገደኛ ባቡሮች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ለየት ብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጀርመን የመጀመሪያዋ ባቡር እንግሊዝ የተሠራች ናት የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ስሟ አድለር ነው፤ ንስር ማለት ነው። ዲሴምበር 7 ቀን 1835 ከኑረንበርግ ወደ ፉርት፣ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደች። የሠራት ኒውካስል የነበረው የሮበርት ስቲቨንሰን ፋብሪካ ነው። ተፈታታ በሣጥን ተጭና መጣች። ነጂውም አብሯት መጣ፤ ዊልያም ዊልሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። የድንጋይ ከሰል እዚያ አካባቢ ውድ ስለነበር፣ መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጉዞ የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ።

ጀርመኖች ግን የራሳቸውን ለመሥራት ብዙ አልቆዩም። ፕሮፌሰር ዮሃን አንድሬያስ ሹበርት ድሬስደን አጠገብ በ1838 ሳክሶኒያ የተባለችውን ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የምትጎትተውን የባቡር ሞተር፣ ሠራ። በ1839 የላይፕሲግና የድሬስደን መስመር ሲመረቅ የክብር እንግዶቹን የጎተቱት የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮች ነበሩ። ሳክሶኒያ ከኋላ ተከትላ ሄደች፤ የነዳትም ሹበርት ራሱ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለሰውዬው ልቤ ይነካል። በ1841 ደግሞ በርሊን ውስጥ አውግስት ቦርዚግ የመጀመሪያ ሎኮሞቲቩን አወጣ።

የፈጣን ባቡሮቹ ጎማ ለምን ያን ያህል ትልቅ ሆነ? ፎቶ ላይ ሳየው ከሰው ቁመት ይበልጣል።

ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ማርሽ የላትም። ፒስተኑ አንዴ ሄዶ ሲመለስ ጎማው አንዴ ይዞራል፤ በቃ። ስለዚህ በአንድ ዙር ሩቅ መሄድ ከፈለግክ ጎማውን ታተልቀዋለህ። እስቲ እናስላው። ከዳር እስከ ዳር በመሐሉ ሲለካ 2.2 ሜትር የሆነ ጎማ አንዴ ሲዞር 6.9 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 154 ኪሎ ሜትር ለመብረር በሴኮንድ ስድስት ጊዜ ያህል መዞር አለበት። ጎማው 1.4 ሜትር ቢሆን ግን ወደ አሥር ጊዜ ሊዞር ነው። ያ ሁሉ ከባድ ብረት በሴኮንድ አሥር ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሲወረወር ሎኮሞቲቯ ትናወጣለች፣ ሀዲዱ ይደበደባል፣ ዘይቱም አይችለውም።

ትልቅ ጎማ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ቦይለሩ፣ ውኃው የሚፈላበት ትልቁ በርሜል፣ ከጎማው ዘንግ በላይ ከተቀመጠ በጣም ከፍ ይላል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከፍ ያለ ቦይለር ይገለብጣል ብለው ይፈሩ ነበር። ቶማስ ክራምፕተን የተባለ እንግሊዛዊ ትልቁን ጎማ ከምድጃው ኋላ አስቀመጠና ቦይለሩን ዝቅ አደረገው። ይህ አሠራር በ1850ዎቹ ጀርመን ውስጥ በጣም ተወደደ። ችግሩ፣ በእንፋሎቱ ጉልበት የሚነዳው ዘንግ አንድ ብቻ ነው። ባቡሩ ሲከብድ ጎማው ሀዲዱን አይቆነጥጥም፣ ይንሸራተታል። ፉርጎዎቹ እየከበዱ ሲሄዱ መሐንዲሶቹ ሁለት፣ ከዚያም ሦስት ዘንግ ወደ ማገናኘት ሄዱ።

ኤስ 3/6 ሲባል ቁጥሩ ምንድን ነው?

የደቡብ ጀርመኗ ባቫሪያ ሎኮሞቲቮቿን የምትጠራበት አጠራር ነው። ኤስ ፈጣን ባቡር፣ 6 የዘንጎቹ ብዛት፣ 3 ደግሞ ከእነሱ ውስጥ የሚነዱት።

ያቺ የ1907 ባለ ሪከርድ ሎኮሞቲቭ ለምን አንድ ብቻ ተሠራች?

ኤስ 2/6ን ነው የምትጠይቀኝ። ለእኔ ከሁሉም የምታምረው እሷ ናት። ሙኒክ የነበረው የማፋይ ፋብሪካ በ1906 ሠራት፤ የንድፉ መሪ አንቶን ሃመል ነበር። ከፊት ሾጠጥ ያለች፣ ጎማዋ 2.2 ሜትር። ጁላይ 2 ቀን 1907፣ በእኛ ሰኔ 25 ቀን 1899 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በሙኒክና በአውግስቡርግ መካከል በሰዓት 154.5 ኪሎ ሜትር ሮጠች፤ ሪከርዱ ይህ ነው። ያኔ የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ እንጂ አዲስ አበባ ገና አልደረሰም ነበር።

ነገር ግን ስሟ እንደሚለው የምትነዳው በሁለት ዘንግ ብቻ ነው። ቀላል ባቡር ይዛ ትበራለች፤ የየዕለቱ ባቡር ግን ከባድ ነው፣ አቀበትም አለበት። ስለዚህ እህት አልተሠራላትም። ከእሷ የተገኘው ትምህርት ግን አልባከነም። በ1908 ማፋይ ኤስ 3/6ን አወጣ፤ ሦስት የሚነዱ ዘንጎች፣ የአብዛኞቹም ጎማ 1.87 ሜትር ብቻ። እስከ 1931 ድረስ 159 ተሠሩ። በ1928 ራይንጎልድ የተባለው የቅንጦት ባቡር ሲጀመርም ከጎታቾቹ መካከል ነበሩ። በፍጥነት ታላቅ እህታቸውን አይደርሱባትም፤ በሥራ ግን ይበልጧታል።

"ደረቅ እንፋሎት" የሚሉት ምንድን ነው?

ከቦይለር በቀጥታ የሚወጣ እንፋሎት እርጥብ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ብረት ሲነካ ወዲያው ውኃ ይሆናል፤ የማንቆርቆሪያ ክዳን ሥር እንደምታዩት ማለት ነው። ሲሊንደር ውስጥ፣ ማለትም ፒስተኑ በሚመላለስበት ቱቦ ውስጥ፣ ይህ ሲሆን ጉልበት ይባክናል። ቪልሄልም ሽሚት የተባለ ጀርመናዊ እንፋሎቱን በቀጫጭን ቱቦዎች አድርጎ እንደገና በጋለው የምድጃ ጋዝ ውስጥ አሳለፈው። ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ሲሆን እንፋሎቱ ቶሎ ወደ ውኃ አይመለስም። የፕሩሲያ ምድር ባቡር በ1898 በሎኮሞቲቭ ላይ ሞከረው። ከሰልም ውኃም ቆጠበ፣ ከዚያም ዓለም ሁሉ ወሰደው።

የምኖረው ኑረንበርግ ነው። የት ላያቸው እችላለሁ?

ዕድለኛ ነህ። ኤስ 2/6 እዚያው ከተማህ፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳትርቅ፣ የባቡር ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ሙኒክ ከሄድክ ደግሞ የዶይቸስ ሙዚየም የትራንስፖርት ክፍል ውስጥ አንድ ኤስ 3/6 አለ። መጀመሪያ ግን የኑረንበርጓን እያት። ልጆችህንም ይዘህ ሂድ፤ ጎማዋ አጠገብ አቁማቸውና ፎቶ አንሣልኝ።