ስለ ኡርዱ ዩኒቨርሲቲ ጠይቁኝ

ሕንድ፣ ሃይደራባድ ከተማ ተምሬ ስለመጣሁ በዚህ ግሩፕ ጥያቄ በዝቶብኛል። ዛሬ ልመልስ። ኡርዱ በሕንድና በፓኪስታን የሚነገር ቋንቋ ነው። አደራ፣ የሕንዱና የፓኪስታኑ ኡርዱ ዩኒቨርሲቲ ይለያያሉ። የቱን እንደምትጠይቁ ንገሩኝ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

ጥ፦ ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲው መቼ ተቋቋመ?

መ፦ የትኛው? አሁን ተናግሬ! የሃይደራባዱ ማውላና አዛድ ብሔራዊ ኡርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1998፣ በሕንድ ፓርላማ አዋጅ። የፓኪስታኑ፣ ማለትም የካራቺ ከተማው ፌዴራል ኡርዱ ዩኒቨርሲቲ በ2002፤ ሥሩ ግን በ1949 የተከፈተው ኡርዱ ኮሌጅ ነው።

ጥ፦ የሃይደራባዱ በስሙ የተሰየመለት አዛድ ማነው?

መ፦ የነጻዋ ሕንድ የመጀመሪያው የትምህርት ሚኒስትር። መካ ተወለደ።

ጥ፦ ሕክምናን የመሰለ ትምህርት በኡርዱ እንዴት ይሰጣል? ቃላቱስ ከየት ይመጣሉ?

መ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ነገሩ ከ1998 በፊት ነው የጀመረው። የሃይደራባድ ግዛት ኒዛም (ገዢ) ሚር ኦስማን አሊ ኻን በ1918 ኦስማኒያ ዩኒቨርሲቲን ከፈቱ፤ ማስተማሪያው ኡርዱ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ እንደ አንድ ትምህርት ብቻ። ብልጠታቸው ምን መሰላችሁ? ተማሪ ከመግባቱ በፊት፣ በ1917፣ የትርጉም ቢሮ አቋቋሙ። ሊቃውንቱ በእያንዳንዱ የሙያ ቃል ላይ ይሟገታሉ፦ ከአረብኛና ከፋርስኛ ሥር እናውጣ ወይስ የእንግሊዝኛውን እንዳለ እንውሰድ? ሕክምናም ምህንድስናም በኡርዱ ተሰጠ። በ1948 ሃይደራባድ ከሕንድ ስትቀላቀል ማስተማሪያው ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። የ30 ዓመት ልፋት መደርደሪያ ላይ ቀረ። ከ50 ዓመት በኋላ እዚያው ከተማ እንደገና ተጀመረ። ያንገበግባል!

አንድ አባል፦ እኛስ ለምን በአማርኛ አንማርም?

ሌላ አባል፦ በኦሮምኛስ? እንግሊዝኛ ይሻላል፣ ለሁላችንም እኩል ባዕድ ነው።

የመጀመሪያው፦ እኩል? የግል ትምህርት ቤት ልጅና የገጠር ልጅ እኩል ይከብዳቸዋል?

መ፦ ኧረ ተመለሱ! እናንተ አዋጅ ላይ ትጣላላችሁ። አዋጅ በአንድ ቀን ይጸድቃል። የሁለተኛ ዓመት ኬሚስትሪ መጽሐፍ ማን ይጻፈው?

ጥ፦ የሃይደራባዱ ሲጀምር ግቢ ነበረው?

መ፦ የቱን እንደሆነ ስለነገርከኝ ተባረክ። በርቀት ትምህርት ነው የጀመረው። ከቤት ርቀው መሄድ ለማይችሉ ሴቶች ይመቻል፤ አዋጁም የሴቶችን ትምህርት ለይቶ ይጠቅሳል።

ጥ፦ ኡርዱ የሙስሊም ቋንቋ ብቻ አይደል?

መ፦ አይደለም። ታላቁ ደራሲ ፕሬምቻንድ ሂንዱ ነበር፤ የጀመረው በኡርዱ ነው።

ጥ፦ ስኮላርሺፕ ያስገኙልናል?

መ፦ ኤምባሲ መሰልኩህ እንዴ?

ጥ፦ ጋሼ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ዩኒቨርሲቲው የት ነው ያለው?

መ፦ የ-ት-ኛ-ው?