ወንድሜ ከጃፓን በስጦታ የሚልክልኝ መኪና በየትኛው ዋጋ ይቀረጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። ወንድምጋሼ ጃፓን መኖር ከጀመረ ብዙ ዓመቱ ነው። እዚያ ሳለ ሱባሩ ኢምፕሬዛ 22ቢ የምትባል መኪና ገዝቷል። ያኔ የገዛበት ዋጋ ዛሬ ካለው ጋር አይገናኝም። አሁን ጤናው ስላልጠናለት በስጦታ ሊልክልኝ ይፈልጋል። አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ሳማክር «ስጦታ ቀረጥ የለውም፤ ካለም በድሮው ዋጋ ኢንቮይስ እናሠራለን፤ እሱም እንቢ ካለ ፈታትተን በመለዋወጫ ስም እናስገባለን» አለኝ። 150,000 ብር ቀብድ በባንክ ልኬለታለሁ። ጉምሩክ የሚይዘው የትኛውን ዋጋ ነው? ልቀጥል ወይስ ልተው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይተዉ። መኪናዋ ገና ከጃፓን አልወጣችም፤ ትልቁ ዕድልዎ ይህ ነው። ምክንያቱን በዝርዝር ልንገርዎት። ደብዳቤዎን ሳነብ ያሳሰበኝ ከቀረጡ ይልቅ ሌላ ነገር ስለሆነ ወደ መጨረሻው እሱንም አነሳለሁ።

እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት ግን መኪናዋ መግባት ትችላለች ወይ የሚል ጥያቄ አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንደማይገቡ አስታውቋል። የእርስዎ 22ቢ ቤንዚን የምትጠጣ፣ ቱርቦ ያላት፣ 2,212 ሲሲ መኪና ናት። «ብርቅ ናት»፣ «የወንድሜ ናት» ማለት በሩን አይከፍትም። እንዲህ ያለ የመንግሥት ውሳኔ ሊላላም ሊጠብቅም ይችላል። ስለዚህ «ልዩ ሁኔታ አለ» የሚልዎት ሰው ካለ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተጻፈና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያምጣ። በቃል የተነገረ ፈቃድ ጅቡቲ ወደብ ላይ አይሠራም።

ሁለተኛው እንቅፋት መሪው ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 22ቢ መሪው በቀኝ ነው። እኛ ጋ የሚነዳው በቀኝ ጠርዝ ነው፤ ሰሌዳና ሊብሬ የሚወጣለትም መሪው በግራ የሆነ መኪና ነው። መሪውን ማዛወር ይቻላል የሚሉ ጋራዦች አሉ። ነገር ግን ይህች መኪና ይህን ሁሉ ዋጋ የምታወጣው ከፋብሪካ እንደወጣች ስለቆየች ነው። ዳሽቦርዷ ተቆርጦ መሪዋ ሲዛወር ሰብሳቢዎች የሚከፍሉበት ነገር አብሮ ይጠፋል። ወንድምዎ ለዓመታት በጥንቃቄ የያዛትን መኪና እንዲህ ማድረግ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ዋጋው ልመለስ። መልሱን የሚፈልጉ ሌሎች አንባቢዎችም እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገም ሕጉ ሊለወጥ ይችላል።

የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006፣ በአዋጅ ቁጥር 1160/2011 እንደተሻሻለው፣ የዕቃ ዋጋ የሚወሰንበትን ቅደም ተከተል አስቀምጧል። ተቀዳሚው የግብይት ዋጋ ነው። ዕቃው ወደ ኢትዮጵያ እንዲላክ ሲሸጥ በእርግጥ የተከፈለው ወይም የሚከፈለው ዋጋ ማለት ነው። በዚያ ላይ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪ ይደመራል። ጉምሩክ በዚህ መንገድ መሄድ ካልቻለ በቅርብ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የገባ አንድ ዓይነት ዕቃ ያወጣውን ዋጋ ያያል። ከዚያ ተመሳሳይ ዕቃን። ከዚያ ዕቃው እዚህ ከተሸጠበት ዋጋ ወደ ኋላ ቀንሶ መሥራት አለ። ከዚያ የማምረቻ ወጪን መደመር። ሁሉም ካልሆነ በእጅ ባለው መረጃ ላይ የቆመ ምክንያታዊ ግምት ይወሰዳል።

እስቲ የእርስዎን መኪና በዚህ መሰላል ላይ እናስኬዳት። ወንድምዎ የገዛት እዚያው ጃፓን ውስጥ ሊነዳት ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ሊልካት አልገዛትም። እርስዎ ደግሞ አልገዙም፤ ተሰጥቶዎታል። ስለዚህ «ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ የተደረገ ሽያጭ» የሚባል ነገር የለም። ሽያጭ ከሌለ የግብይት ዋጋ የለም። የድሮው ደረሰኝ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ጉምሩክን የሚያስገድድ አይደለም። አስተላላፊው ያልነገረዎት ይህን ነው።

ተከታዮቹስ? ለቪትዝ ወይም ለኮሮላ ጉምሩክ እጁ ላይ ስንትና ስንት የቀድሞ ዲክላራሲዮን (አስመጪዎች ያቀረቡት የዕቃ መግለጫ) አለው፤ ከዚያ ጋር ያነጻጽራል። ለ22ቢ ግን ማነጻጸሪያ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1998 ለጃፓን ገበያ የተሠሩት 400 ብቻ ናቸው። ለእንግሊዝ 16፣ ለአውስትራሊያ 5 ተጨምረዋል። የሱባሩን 40ኛ ዓመትና በዓለም ራሊ ሻምፒዮና በተከታታይ ያገኘውን የሦስት ዓመት የአምራቾች ድል ለማስታወስ የወጡ ናቸው። ገበያው ላይ የሚታዩት አልፎ አልፎ ነው። እዚህ የተሸጠ ከሌለ ወደ ኋላ ቀንሶ መሥራትም አይቻልም። የ1998ን የማምረቻ ወጪ ማን ያቀርባል? ስለዚህ የሚቀረው የመጨረሻው ደረጃ፣ ግምቱ ነው።

ግምት ሲባል ብዙ ሰው «በድርድር ዝቅ ይላል» ብሎ ያስባል። ብርቅ ዕቃ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእነዚህ መኪኖች ሽያጭ በዓለም ዙሪያ በይፋ ጨረታ የሚካሄድ ነው፤ ከ100,000 ዶላር በላይ በተደጋጋሚ ተሽጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ደግሞ 25 ዓመት ስለሞላቸው አሜሪካ ገበያው ተከፍቶላቸዋል፤ ይህም ፈላጊ ጨምሯል። የጉምሩክ ባለሙያው ስልኩን አውጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ያየዋል። በዚህ ላይ የድሮውን ዋጋ የያዘ ወረቀት ይዘው ቢቀርቡ ለሌላው ሰነድዎ ሁሉ የነበረው እምነት ይጠፋል።

እንዲህ ላለ መኪና ዋጋ የሚረዳው ማስረጃ የመኪናዋ ማንነትና ሁኔታ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ እውነተኛ 22ቢ መሆኗን ያሳያል፤ ከተራ ኢምፕሬዛ አስመስለው የሠሯቸው አሉና ይህ ቀልድ አይደለም። የጃፓን ጨረታ ቤቶች ለመኪና የሚሰጡት የምርመራ ወረቀት አለ፤ አካሏ በቁጥር፣ ውስጧ በፊደል ደረጃ ይሰጠዋል፤ አደጋ ደርሶባት የተጠገነች ከሆነች «አር» ተብሎ ይጻፋል። ዝገት፣ የተቀየረ ሞተር፣ የጎደለ ዕቃ ሁሉ በባለሙያ ሪፖርት መውጣት አለበት። ዋጋን በሕጋዊ መንገድ ዝቅ የሚያደርገው እንዲህ ያለ እውነት ነው።

ግብሩን በአጭሩ ልለፈው፣ ግን አንድ ነገር ይያዙ፦ አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚሰላው። ቀረጡ የሚሰላው ማጓጓዣና ኢንሹራንስ በተደመረበት ዋጋ ላይ ነው። ኤክሳይዙ በዋጋውና በቀረጡ ድምር ላይ። 15 በመቶው ቫት በሦስቱም ድምር ላይ። 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ በሁሉም ላይ። ለስሌት ያህል ዋጋውን 100 ብር፣ ቀረጡን 30 በመቶ፣ ኤክሳይዙን 100 በመቶ እናድርገው። ቀረጥ ሲጨመር 130፣ ኤክሳይዝ ሲጨመር 260፣ ቫት ሲጨመር 299፣ ሱር ታክስ ሲጨመር 328 ብር ከ90 ይሆናል። 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥም አለ። 100 በመቶ ኤክሳይዝ የወሰድኩት አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከ1,800 ሲሲ በላይ ለሆነ አዲስ መኪና ያስቀመጠው ስለሆነ ነው። መኪናው ሲያረጅ መጠኑ ከዚህ ይጨምራል፤ የእርስዎ መኪና ዕድሜዋ ከ25 ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ በሩ ቢከፈት እንኳ የሚጠብቅዎ ገንዘብ ከመኪናዋ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው።

አሁን ወደ አስተላላፊው ሦስት ምክሮች። ስጦታ መሆኑ ዋጋው የሚወሰንበትን መንገድ ይቀይራል እንጂ ከቀረጥ ነፃ አያደርግም። ዝቅ ያለ ኢንቮይስ አሠርቶ ማቅረብ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ነው፤ በወንጀል ያስጠይቃል፣ ዕቃውም ሊወረስ ይችላል። ዲክላራሲዮኑ የሚቀርበው በእርስዎ ስም፣ ኢንቮይሱ የሚፈረመው በወንድምዎ ስም ነው። ስለዚህ ጣጣው በመጀመሪያ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። ዕቃው ከወጣ በኋላም ጉምሩክ ሰነዱን መልሶ ኦዲት ማድረግ ይችላል፤ ስለዚህ «ካለፈ አለፈ» የሚባለው እውነት አይደለም።

ፈታትቶ ማስገባት የሚለው ደግሞ ሰዎች ብልጠት እየመሰላቸው ብዙ ገንዘብ የሚያጡበት ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ዓለም አቀፍ የታሪፍ አመዳደብ አጠቃላይ ደንብ ቁጥር 2(ሀ) በግልጽ መልሶታል። ተፈታትቶ የቀረበ ዕቃ እንደ ሙሉ ዕቃ ይመደባል። አካሏ በአንድ ኮንቴይነር፣ ሞተሯ በሌላ ቢመጣ ሲገጣጠም አንድ 22ቢ ከሆነ መኪና ነው። መኪና ከሆነ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ክልከላ ተመለስን ማለት ነው። ተገጣጥማስ ቢሆን ያለ ሊብሬ ምን ትሠራለች? ከጠባሴ እስከ ጣርማ በር ያለውን መንገድ በእሷ የመንዳት ምኞት ይገባኛል። ያለ ሰሌዳ ግን ከግቢ አትወጣም።

ስለ ቀብዱ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ ሰጪ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። እርስዎ «እኔ ስለተውኩ ቀብዴ ቀረ» ብለው እንዳይፈሩ። ይህ የሚሠራው ለሚጸና ውል ነው። ክልከላን ለማለፍ፣ ሐሰተኛ ሰነድ ለማሠራት የተደረገ ውል በአንቀጽ 1716 መሠረት ሕገ ወጥ ጉዳይ ያለው ስለሆነ አይጸናም። በዚያው ምክንያት እጥፍ ልጠይቅ ብለውም አይድከሙ። የሚጠይቁት በአንቀጽ 1815 መሠረት ወደ ነበራችሁበት እንድትመለሱ፣ ማለትም የሰጡት 150,000 ብር እንዲመለስልዎ ነው። በባንክ መላክዎ በጣም ጥሩ ነው፤ የባንክ ደረሰኙንና የተጻጻፋችሁትን መልእክት ሁሉ ያስቀምጡ፣ ከስልክዎ አያጥፉ። ገንዘቡ እንዲመለስ ቀን ቆርጠው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት። በማስጠንቀቂያው ላይ በስምዎ ምንም ዓይነት ኢንቮይስ እንዳያሠራ፣ ውክልና ሰጥተውት ከሆነም መሻርዎን ይግለጹ። ውክልናውን ያረጋገጠው መሥሪያ ቤት ሄደውም በይፋ ያሽሩት። ይህን ዛሬ ነገ ሳይሉ ያድርጉ።

አሁን ያሳሰበኝን ልናገር። ወንድምዎ ታሟል፤ ሊያወርስዎ የሚፈልገው ነገር ደግሞ ያለው ጃፓን ነው። መኪናዋን ለማምጣት የምትሯሯጡበትን ጊዜ የእሱን ፈቃድ በወረቀት ለማስፈር ብታውሉት ይሻላል። ጃፓን ውስጥ ውርስ የሚመራው በሟች የዜግነት ሕግ ነው። ወንድምዎ እስካሁን ኢትዮጵያዊ ከሆነ የሚሠራው የእኛ የውርስ ሕግ ነው፤ የጃፓን ዜግነት ወስዶ ከሆነ የእነሱ። ኢትዮጵያዊ ከሆነና ልጆች ካሉት ያለ ኑዛዜ ቀዳሚ ወራሾች ልጆቹ ናቸው፤ እርስዎ አይደሉም። በእጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ ቀንና ፊርማ ያለው መሆን አለበት። በኮምፒውተር ተጽፎ የተፈረመ ብቻ ከሆነ በዚህ መንገድ አይጸናም።

ከኑዛዜው የሚቀለው ደግሞ በሕይወት እያለ እዚያው ሸጦ ገንዘቡን በባንክ እንዲልክልዎ ነው። ለእንዲህ ያለ መኪና ገዢ የሚገኘው እዚያ ነው፤ በባንክ የሚላክ ገንዘብም የጉምሩክ ቀረጥ የለበትም። ወይም በታማኝ ሰው እጅ እንድትቆይ ከፈለገ የጃፓን የምዝገባ ወረቀቷን፣ የግዢ ደረሰኙንና የጥገና መዝገቧን አንድ ላይ አድርጎ ቅጂውን ይላክልዎ። ሽያጩን የሚያስፈጽምለት ሰው የሚወክል ከሆነ የውክልናውን ወሰን በጠባቡ ይጻፍ፦ ለዚህች መኪና፣ በዚህ የሻንሲ ቁጥር፣ ከዚህ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ። እዚህ የሚያገለግል ሰነድ ካለው ቶኪዮ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያረጋግጠው። ዛሬ ማታ ሲደውሉለት ስለ መኪናዋ ከማውራትዎ በፊት ዜግነቱንና ኑዛዜ መጻፍ አለመጻፉን ይጠይቁት፤ መልሱን ጽፈው ይላኩልኝ፣ በዚያ ላይ ተመሥርቼ የሚቀጥለውን እነግርዎታለሁ።